የፕሮቲን ግላይኮሲሌሽንና የቆሽት ካንሰር፦ የሲኤ 19-9 ምርመራ ትርጉምና ወሰን

መግቢያ

በጎጃም ደጋ የዓይን ቢጫ መሆን በተለምዶ «የወፍ በሽታ» ይባላል፤ ብዙውን ጊዜም ከጉበት ሕመም ጋር ይያያዛል። ሆኖም በቆሽት ራስ ላይ ያደገ ዕጢ የሐሞት ቱቦን ሲጫን ይኸው ምልክት ይታያል። የቆሽት ካንሰር በመጀመሪያ ደረጃው እምብዛም ስሜት ስለማይሰጥ፣ አብዛኛው ሕመምተኛ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ 300 ኪሎ ሜትር ያህል በመጓዝ አዲስ አበባ ለሚመረመር ሰው፣ የደም ምርመራው ውጤት በትክክል መተርጎሙ ትልቅ ዋጋ አለው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሲኤ 19-9 የተባለው ምርመራ የተመሠረተበትን የግላይኮሲሌሽን ሂደት ማብራራትና የምርመራውን ወሰን ማመልከት ነው።

ግላይኮሲሌሽን በካንሰር ሕዋስ

ግላይኮሲሌሽን ማለት ኢንዛይሞች በኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለምና በጎልጂ አካል ውስጥ በፕሮቲን ላይ የስኳር ሰንሰለት የሚያያይዙበት ሂደት ነው። ሰንሰለቱ በፕሮቲኑ ቅርጽና ሕዋሱ ከሌሎች ሕዋሳት ጋር በሚኖረው ግንኙነት ላይ ተጽዕኖ አለው። በቆሽት ካንሰር ይህ ሥርዓት ይዛባል። አንደኛ፣ እንደ ሙክ1 ባሉ ሙሲኖች ላይ የሚሠራው ሰንሰለት ሳይሟላ አጭር ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛ፣ በሰንሰለቱ ጫፍ ሲያሊክ አሲድ ይበዛል፤ ይህም ሲግሌክ ከተባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ተቀባዮች ጋር በመያያዝ የሕዋሳቱን ጥቃት ያዳክማል። ሦስተኛ፣ ሲያሊል ሉዊስ ኤ የተባለው የስኳር ቅንጅት በደም ሥር ግድግዳ ላይ ካለው ኢ-ሴሌክቲን ጋር ስለሚጣበቅ፣ ለካንሰሩ መዛመት መንገድ ሊከፍት ይችላል።

ከምልክትነት ባሻገር

ሲኤ 19-9 ይኸው ሲያሊል ሉዊስ ኤ ነው። የሚለየውን ፀረ እንግዳ አካል እ.ኤ.አ. በ1979 ያስተዋወቁት የዊስታር ኢንስቲትዩቱ ሂላሪ ኮፕሮውስኪና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ለረጅም ጊዜ የበሽታው ምልክት ብቻ ተደርጎ ቢታይም፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ሌላ ገጽታ አሳይቷል። አይጦች በተፈጥሯቸው ይህን ስኳር አይሠሩም፤ ተመራማሪዎች ስኳሩን የሚሠሩትን የሰው ኢንዛይሞች ጂን ሲያስገቡላቸው ግን የቆሽት ብግነት ተከሠተባቸው። የክራስ ጂን ለውጥ ሲታከልበትም የካንሰሩ ዕድገት ተፋጠነ።

የምርመራው ወሰን

በተለምዶ ከ37 ዩኒት በሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ውጤት ከፍተኛ ይባላል። ነገር ግን የሐሞት ቱቦ በጠጠር ሲዘጋም መጠኑ ሊያሻቅብ ይችላል። በአንጻሩ ፉት3 የተባለው ጂን የማይሠራላቸው ሉዊስ ኔጌቲቭ ሰዎች ስኳሩን ስለማይሠሩ፣ ካንሰር ኖሮባቸውም ውጤታቸው ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል። ድርሻቸው በአውሮፓውያን ዘንድ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲገመት፣ በአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሕዝቦች ዘንድ ከዚህ ከፍ ይላል።

ማጠቃለያ

ስለሆነም ዝቅተኛ ውጤት ብቻውን «ካንሰር የለም» ሊያሰኝ፣ ከፍተኛ ውጤትም ብቻውን «ካንሰር ነው» ሊያሰኝ አይገባም፤ ከሲቲ ስካንና ከናሙና ምርመራ ጋር ተገናዝቦ መታየት ይኖርበታል። በአካባቢያችን የሉዊስ የደም ዓይነት ስርጭት ቢጠና፣ ሐኪሙ በእጁ ያለውን ቁጥር በሚገባ እንዲመዝን ይረዳዋል።