ውኃውን ማን ቀዳው?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ምስጋና ነው። ርእሱን ስታዩ «ይኸንንማ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል» እንደምትሉ ዐውቃለሁ። እኔም እንደዚያው እል ነበር። ደግሞስ በካምባ ምድር ያደገ ልጅ ማመስገን አያውቅም ማን ይላል? በጠዋት «እንደምን አደርህ?» ሲሉን «እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን፤ በልተን ስንጠግብም «ተመስገን» እንላለን። ነገር ግን አምላኩን ማመስገን የለመደ አፍ፣ ጎረቤቱን ሳያመሰግን ዓመታት ሊያልፉት ይችላሉ። ይህን የምለው ስለ ሌላ ሰው አይደለም፤ ስለ ራሴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የወጣቶች ሰብሳቢ ሆኜ ተመረጥሁ። በየእሑዱ ከትምህርት በኋላ ሻይ ይፈላ ነበር። ለሻዩ የሚሆነው ውኃ የሚቀዳው ከቁልቁለቱ በታች ካለው ምንጭ ነው። (አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከምንጮቿ ብዛት ነው፤ እኛ ደገኞቹ ግን ውኃ በጀርባችን ስናወጣ መኖራችን አንዳንድ ጊዜ ያስቀኛል።) ከመካከላችን አንዲት ዝምተኛ እኅት ሁለት ዓመት ያህል በየእሑዱ ማለዳ፣ እኛ ሳንደርስ፣ ሃያ ሊትር ጀሪካን አዝላ ያንን ዳገት ትወጣ ነበር። ማንም አላዘዛትም፤ በዝርዝርም ላይ ስሟ የለም።

በዓመቱ መጨረሻ የሥራ ሪፖርት አቀረብሁ። ሦስት ገጽ ነበር፤ በእርሱም ኮርቼበት ነበር። እንግዶችን አመሰገንሁ፤ ሽማግሌዎችን አመሰገንሁ፤ መዘምራኑን፣ ጄኔሬተር ያዋሰንን ነጋዴ ሳይቀር በስሙ ጠርቼ አመሰገንሁ። ሞቅ ያለ ጭብጨባ ተሰማ። በሚቀጥለው እሑድ ሻይ አልነበረም። በሁለተኛውም አልነበረም። እኔም፣ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፣ «ኃላፊነቱን ያልተወጣው ማን ነው?» ብዬ በስብሰባ ላይ ተቆጣሁ። የተሾመ ኃላፊ እንደሌለ ያን ጊዜ ገና አላወቅሁም ነበር። አንዱ ልጅ ቀስ ብሎ ስሟን ነገረኝ። በሦስተኛው እሑድ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። እናቷን እንሰት ሲፍቁ አገኘኋቸው።

«እማማ፣ ልጅዎ ታማ ነው እንዴ?»

«የለም ልጄ፤ ደኅና ናት።»

«ታዲያ ምነው ቀረች? ተቀይማን ይሆን?»

«አልተቀየመችም። ‹ብቀርም አያውቁም› ነው ያለችው» አሉኝ፤ ወደ እንሰታቸውም ተመለሱ።

ወጣቶች ሆይ፣ ቢሰድቡኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። በአማርኛችን ውለታ ያልገባው ሰው «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» ይባላል። ይህ አነጋገር ለከዳተኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እኔ ያቺን እኅት አልጠላኋትም፤ ክፉም አልተናገርኋትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሻዩን ጠጣሁ እንጂ ውኃውን ማን ቀዳው ብዬ አልጠየቅሁም። ለካስ ወጪቱ ሳይታወቅም ይሰበራል።

በዚያ ሳምንት ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 23ን ከቁጥር 13 ጀምሮ አነበብሁ። ከዚያ ቀደም ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ የጀግኖች ታሪክ መስሎኝ። ዳዊት በዓዶላም ዋሻ አጠገብ ሳለ የፍልስጥኤማውያን ጭፍራ የትውልድ ከተማውን ቤተ ልሔምን ይዞ ነበር። ወራቱ የመከር ነው፤ ሙቀት አለ። ዳዊትም በቤተ ልሔም በር አጠገብ ካለችው ጕድጓድ ውኃ ቢጠጣ እንደሚወድ ተናገረ። ልብ በሉ፣ ትእዛዝ አልሰጠም፤ ምኞቱን ብቻ ነው የተናገረው። ሦስት ሰዎች ግን የጠላትን ሰፈር ሰንጥቀው አልፈው፣ ቀድተው አመጡለት። ዳዊት አልጠጣውም። በነፍሳቸው የቈረጡትን ሰዎች ደም እንደ መጠጣት ቈጠረውና ለእግዚአብሔር አፈሰሰው።

አንዳንዱ ሰው «እንዲያ ተደክሞበት የመጣ ውኃ እንዴት በመሬት ይፈስሳል? ይህስ ውለታ ማጥፋት አይደለም ወይ?» ይላል። እኔም እንዲህ ብዬ ተከራክሬአለሁ። አሁን ግን እንዲህ ይመስለኛል፤ ዳዊት በእጁ የያዘውን ሲያይ ውኃ ብቻ አላየም፤ የመጣበትን መንገድም አየ። ዋጋው ከእርሱ ጥማት በላይ ሆኖ አገኘው፤ ስለዚህ ሊሰጠው የሚገባው ለአምላክ ብቻ ነው አለ። ሦስቱ ሰዎች ያን ቀን ምን እንደ ተሰማቸው አልተጻፈልንም። እንደዚህ ያለ መሪ ቢጠማ ግን ዳግመኛ የማይሄድለት ማን ነው? በተቃራኒው ዘፍጥረት 40ን እዩ። የጠጅ አሳላፊዎች አለቃ ወደ ሹመቱ በተመለሰ ጊዜ ዮሴፍን አላሰበውም፤ ረሳው። በእስር ቤት ያለው ሰው ሁለት ዓመት ጠበቀ። እኔም እንደ አሳላፊው ሁለት ዓመት ነበር የረሳሁት።

አሁን ወደ ቋንቋችን እንመለስ። የአገራችን ሰው ውለታ ሲዋልለት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላል። ይህ ቃል እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። «ያደረግህልኝን እኔ ልከፍለው አልችልም፤ እርሱ በእኔ ፈንታ ይስጥህ» ማለት ነው። ስለዚህ ይህን ቃል ከልቡ የሚናገር መሪ ባለዕዳ መሆኑን ይመሰክራል፤ ሁሉን በራሱ ጉልበት እንዳልሠራው ያምናል። በጋሞኛችንም «ጋላታ» ስንል ምስጋናም ውዳሴም ነው፤ ለፈጣሪ የምናቀርበውና ለሰው የምንሰጠው በአንድ ቃል ይጠራል።

ከአባቶቻችንም የምንማረው አለ። በጋሞ ደጋ በብዙ ቦታ ሃላቃ የሚሆን ሰው ሹመቱን የሚይዘው ሕዝቡን ደግሶ በማብላት ነበር። በእኛ ዘመን የተሾመ ሰው ግብዣ ሲጠብቅ እናያለን፤ በቀድሞው ሥርዐት ግን ተሿሚው ራሱ ነበር ሰጪው። በዱቡሻም ሽማግሌዎቹ ሲሰበሰቡ ከክርክሩ በፊት ምርቃት ይቀድማል። ከእኛ ስብሰባዎች ስንቶቹ በምርቃት ይከፈታሉ? «ለምን አልተሠራም?» ብለን የምንጀምረው ይበዛል። ሃላቃ ስለሚደግሰው ድግስ ዝርዝሩን ከአያቶቻችሁ ጠይቁ፤ ከእኔ የተሻለ ያውቁታል፤ መጠየቃችሁም ደስ ያሰኛቸዋል።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. የሆነውንም ሁላችን እናስታውሳለን። በቡራዩና በአካባቢው ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙዎችም ተፈናቀሉ፤ ከእነርሱ መካከል ብዙ የጋሞ ልጆች ነበሩበት። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቶች ለበቀል ተነሡ። ሽማግሌዎቻችን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በልጆቻቸው ፊት ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። አገር ሁሉ ሽማግሌዎቹን አመሰገነ፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን አንድ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ቁጣውን ውጦ ወደ ቤቱ የተመለሰውን ወጣትስ ማን አመሰገነው? ሽማግሌው ተንበርክኮ ወጣቱ ባይሰማ ኖሮ ዛሬ የምንናገረው ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር። መታዘዝም ሥራ ነው፤ ያውም ላብ የሚያፈስ ሥራ። መሪ የሚናገረው ሰው ብቻ ከመሰለን የሚሰማውን ልናየው አንችልም።

እንግዲህ ይህ ልማድ በምን ይገኛል? እኔ ቅዳሜ ማታ በደብተሬ ላይ በሳምንቱ የደከሙልኝን ሰዎች ስምና ያደረጉትን ነገር እጽፋለሁ። «ሁሉንም አመሰግናለሁ» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው፤ ስም ያስፈልጋል። ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማከላ የተባሉ የሥነ ልቡና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ አንዳንዶቹ ተሳታፊዎች ለዐሥር ሳምንት በየሳምንቱ የሚያመሰግኑበትን እስከ አምስት ነገር እንዲጽፉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ያስመረራቸውን እንዲጽፉ አድርገው ነበር። ምስጋናውን የጻፉት ስለ ኑሮአቸው የተሻለ ስሜት እንዳላቸው ተናገሩ። እኔ የጀመርሁት ጥናቱን ሳላውቅ፣ ከኀፍረት የተነሣ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ስም ብቻ ነበር ያገኘሁት። አሁን ገጹ አይበቃኝም፤ ሰው ስለ ተጨመረ ግን አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ምስጋና ሰውን ለመጫን መሣሪያ ሊሆን ይችላል። «አንቺማ ጎበዝ ነሽ» እያሉ ሸክሙን በአንድ ሰው ጀርባ ላይ መተው ውዳሴ ከንቱ ነው፤ ጀሪካኑ በምስጋና አይቀልልም። ይህን ያስተማረችኝ ራሷ ነች። ይቅርታ ጠይቄአት ስትመለስ በጉባኤው ፊት አስቆምኋትና ረጅም ንግግር አደረግሁ። ፊቷ ቀላ፤ ራሷን አቀረቀረች። በኋላ ለብቻዋ ስታገኘኝ «ወንድሜ፣ በሰው ፊት መጠራት አልወድም። ይልቅ ውኃውን በተራ አድርጉት» አለችኝ። ዳግመኛ ተሳስቼ ነበር ማለት ነው፤ ሪፖርት እንደማነብ አድርጌ ነው ያመሰገንኋት። ለአንዱ በአደባባይ መነገሩ ደስታው ነው፤ ለሌላው በጆሮው አንዲት ቃል ትበቃዋለች፤ ሦስተኛው ደግሞ አብረኸው ዳገቱን ብትወጣለት ይመርጣል። የትኛው ለማን እንደሚሆን ለማወቅ ሰውየውን ቀርቦ ማወቅ ግድ ነው።

ለሚመጣው እሑድ ሮሜ ምዕራፍ 16ን አንብባችሁ ኑ። ብዙዎቻችን የስም ዝርዝር ነው ብለን እናልፈዋለን። ጳውሎስ ስንት ሰው በስም እንደሚጠራ ቍጠሩ፤ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የተጻፈውን ሥራም ተመልከቱ። መልእክቱን በእጁ የጻፈው ጤርጥዮስ እንኳ በቁጥር 22 ላይ ስሙን አግኝቷል። የእናንተንም ዝርዝር በብጣሽ ወረቀት ይዛችሁ ኑ፤ አናነበውም፤ እያንዳንዱ ለሚገባው ሰው ራሱ ያደርሰዋል። የውኃውን ተራ መዝገብ የምትይዘው ያቺው እኅት ናት። የዚያ እሑድ ተረኛ እኔ ስለሆንሁ፣ ትምህርቱ ጥቂት ደቂቃ ቢዘገይ ታገሡኝ።