ፖርት 25 ተዘግቶ ስታገኘው

ልጄ፣ ለመሥሪያ ቤትህ የኢሜይል ሰርቨር ልትተክል መነሳትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ሆኖም መልእክት አልወጣ ሲልህ ከማሰብህ በፊት መነካካት እንደምትወድ አውቃለሁ። እስቲ ቁጭ በልና አድምጠኝ።

1. መልእክት ካልወጣ አስቀድመህ መንገዱን ፈትሽ። ብዙ ወጣት ባለሙያ የሰርቨሩን ቅንብር ሲያፈርስና ሲሠራ ያድራል፤ ወደ ውጭ የሚወጣውን ፖርት 25 የዘጋው ግን ኢንተርኔት አቅራቢው ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው። ፖርት 443 እየሠራ፣ የራስህ ፋየርዎልም ሳይከለክል፣ 25 ብቻ በየትኛውም ሰርቨር ላይ ዝም ካለህ በመንገድ ላይ ተዘግቷል ማለት ነው።

2. ለምን እንደተዘጋ ሳታውቅ አቅራቢህን አትውቀስ። የኢሜይል መላላኪያ ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲጻፍ መረቡ ላይ የነበሩት ማሽኖች ጥቂት ስለነበሩ፣ የላኪውን ማንነት የሚያጣራ ነገር አልተበጀለትም። ኋላ ኮምፒውተር በየቤቱ ሲገባ ቫይረስም አብሮ ገባ። በ2003 የተዛመተው ሶቢግ የተባለው ቫይረስ የራሱን መላኪያ ይዞ ስለሚመጣ የባለቤቱን የኢሜይል ፕሮግራም እንኳ አይፈልግም ነበር። ባለቤቱ በተኛበት ማሽኑ ለማያውቃቸው ሰዎች ሲልክ ያድራል። የቤት መስመሮች 25 የተዘጋባቸው ለዚህ ነው። ብራዚልን ብትመለከት፣ በአይፈለጌ መልእክት ምንጭነት ስሟ ከፊት ይጠራ ነበር። አቅራቢዎቿ ተስማምተው በመጀመሪያ ደንበኞቻቸውን ወደ ሌላ የመላኪያ ፖርት፣ ወደ 587፣ አዛወሩ፤ ከዚያ በ2012 እና በ2013 በቤት መስመሮች ላይ 25ን ዘጉ፤ አገሪቱም ከዝርዝሩ አናት ወረደች። ቅደም ተከተሉን ልብ በል። ለደንበኛው ሳይናገር የሚዘጋ አቅራቢ፣ በእኔ እምነት፣ ግማሽ ሥራ ነው የሠራው።

3. ሠራተኞችህ በ587 ወይም በ465 ይላኩ። 25 ሰርቨር ከሰርቨር የሚገናኝበት ነው። 587 በ1998 ተለይቶ የወጣው ሰው ከራሱ ማሽን ለሰርቨሩ መልእክት እንዲያስረክብበት ነው፤ ዛሬ ያለ መለያ ስምና ያለ ይለፍ ቃል አያስገባም። ጥፋት ሲኖር ባለቤቱ ይታወቃል።

4. አቅራቢው ባይዘጋው እንኳ አንተው በራውተርህ ዝጋው፤ ከኢሜይል ሰርቨሩ በቀር አንድም ማሽን በ25 እንዳይወጣ። ይህን ምክር አጥብቀህ ያዝ። የቢሮው ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደ ውጭ የሚታዩት ብዙ ጊዜ በአንድ አይፒ አድራሻ ነው። የአንዱ ሠራተኛ ላፕቶፕ ቫይረስ ይዞት መርጨት ከጀመረ ያ አድራሻ በጥቁር መዝገብ ይሰፍራል። ከዚያ የሒሳብ ክፍሉ ደረሰኝ፣ የሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ፣ ሁሉም ከተቀባዩ ደጅ ይመለሳል። ከመዝገቡ ለመውጣት ማመልከት ይቻላል፤ ምንጩ ሳይደርቅ ካመለከትክ ግን ተመልሶ ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና የተከለከሉትን ሙከራዎች መዝግቦ የሚያስቀር ቅንብር አብረህ አብራ።

5. የተዘጋውን በጓሮ ለማለፍ አትሞክር። የቤት መስመር 25 ቢከፈትልህም፣ አይፈለጌ መልእክትን የሚከታተለው ስፓምሃውስ የተባለ ድርጅት በቀጥታ መላክ የማይገባቸውን አድራሻዎች ዝርዝር ስለሚይዝ ብዙ ተቀባዮች ይመልሱሃል። ቋሚ አይፒና ከአድራሻው ጋር የሚስማማ ስም እንዲሰጥህ አቅራቢህን በጽሑፍ ጠይቅ። ክላውድ ላይ የምትከራይ ከሆነም ከመክፈልህ በፊት አጣራ፤ አማዞን 25ን የሚከፍተው ስታመለክት ነው።

6. 25 ተዘጋ ብለህ አትዘናጋ። የይለፍ ቃል የሰረቀ ሰው በ587 በኩል በሠራተኛህ ስም ይልካል። አንድ ሰው በሰዓት ሊልክ የሚችለውን መጠን ወስን፤ የይለፍ ቃል የሚዋዋሱትንም ዝም አትበላቸው።

አሁን ተነስና የራውተሩን መዝገብ ክፈት። በ25 ሊወጣ የሚታገል ማሽን ካገኘህ ዛሬውኑ ከመረቡ ንቀለው፤ ባለቤቱን ግን ሰው ፊት አታሳፍረው።