ከባልንጀራ ጋር በብርድ ወራት ወደ ሮም ስለ መጓዝ

ሁለት ባልንጀሮች ለአንድ ሳምንት ባሕር ተሻግረው ሊጓዙ በተማከሩ ጊዜ ምክራቸው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሀገሩ ስምና ከአውሮፕላኑ ዋጋ ነው፤ ይሁን እንጂ ጉዞውን የሚያሳምረውም ሆነ የሚያበላሸው፥ ከእነዚህ ከሁለቱ ይልቅ፥ እያንዳንዱ ለሌላው ሳይናገረው በልቡ ይዞት የሚሄደው ፈቃድ መሆኑን ልብ የሚሉት ጥቂቶች ናቸው። ይልቁንም በእኛ ዘንድ ይሉኝታ የሚባል ጠባይ ስላለ፥ አንዱ «ግድ የለም፥ አንተ እንዳልክ ይሁን» ሲል ሌላውም «ኧረ እኔ የትም ቢሆን ይመቸኛል» ብሎ ይመልስለታል፤ በቤት ሳሉ የጨዋነት ምልክት የነበረው ይህ ቃል ግን በጉዞው በሦስተኛው ቀን፥ በባዕድ ከተማ አደባባይ ላይ፥ እግር በዛለና ሆድ በጎደለ ሰዓት ኩርፊያ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የዝግጅት ሁሉ መጀመሪያ ይሉኝታን አስቀምጦ፥ ሁለቱም ለየብቻቸው «ይህን ሳላይ ብመለስ ይቆጨኛል» የሚሉትን ሁለት ወይም ሦስት ነገር በወረቀት ጽፈው መለዋወጥ ነው። ከሦስት የበለጠ የጻፈ ሰው ለአንድ ሳምንት ሳይሆን ለአንድ ዓመት የሚሄድ ይመስል ይሆናልና ይቀንስ።

ለምሳሌ ያህል ሮምን እናንሣ፤ ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ በአንድ ሌሊት የምትደረስ፥ ብርዷም የሰሜኑን ያህል የማያስፈራ፥ ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ደግሞ የገዛ ታሪኩ አሻራ ያለባት ከተማ ናት። በእኛ በጋ፥ በታኅሣሥና በጥር፥ ሮም የብርድ ወራቷን ትይዛለች፤ ከዚህም ወራት ውስጥ ከገናና ከጥምቀት መካከል የሚውለውን ሳምንት የሚያህል ምቹ ጊዜ የለም። ፈረንጆቹ ልደትን በታኅሣሥ 16፥ ኤፒፋኒያ የሚሉትን በዓል ደግሞ በታኅሣሥ 28 አክብረው ወደየሥራቸው ሲመለሱ እንግዳው ይሳሳል፥ የሆቴሉም ዋጋ ይበርዳል፥ የልብስና የጫማ ሱቆችም የብርዱን ወራት ቅናሽ በዚያው ሰሞን ይጀምራሉ። የእኛም ሰው ገናን ከቤተ ሰቡ ጋር ውሎ፥ በማግስቱ ሌሊት ተነሥቶ፥ ሳምንቱን ጨርሶ ለከተራ ሊደርስ ይችላል። በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ቲኬቱ ላይ «ጃንዋሪ 9፥ 00:30» ተብሎ ቢጻፍ፥ ከቤት የሚወጣው በ8ኛው ቀን ምሽት ነው። በእኛ ልማድ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል የዚያው ያለፈው ምሽት ተከታይ ስለ ሆነ፥ ቀኑን ብቻ አይቶ በማግስቱ ማታ ሻንጣውን ጎትቶ ቦሌ የሚደርስ መንገደኛ አይታጣም።

ወደ ቪዛው ስንመጣ ትዕግሥትና ግልጽነት ያስፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች መደበኛው የመመርመሪያ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ስላለ፥ ለጥር መጀመሪያ የሚያስብ ሰው ማመልከቻውን ከጥቅምት አጋማሽ ባያሳልፍ መልካም ነው፤ ሕጉ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማመልከትን ይፈቅዳልና። ፓስፖርቱ ከሸንገን ሀገሮች ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል፥ የጉዞው ኢንሹራንስም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን ይገባዋል፤ የሥራ ደብዳቤውንና የባንክ መግለጫውንም እያንዳንዱ በየራሱ ያቀርባል። ባልንጀሮች ሊነጋገሩበት የሚያፍሩት ግን ሌላ ነገር ነው፤ አንዱ ቢፈቀድለትና ሌላው ቢከለከል ምን ይሆናል? የተፈቀደለት ብቻውን ይሄዳልን? ወይስ ሁለቱም ይቀራሉ? ይህን ጥያቄ መልሱ ከመምጣቱ በፊት የጨረሱት ሰዎች ወዳጅነታቸው ሳይነካ ይቀራል፤ መልሱ ከመጣ በኋላ ያነሡት ግን አንዱ በደለኛ ሌላው ተበዳይ ሆነው ይቆማሉ። እስከዚያውም ገንዘቡ የማይመለስ ቲኬት ባይገዙ፥ ሊሰረዝ በሚችል ቀጠሮ ቢቆዩ ይሻላል።

በብርድ ወራት ከገንዘብ ይልቅ የሚያጥረው የቀን ብርሃን ነው። በጥር መጀመሪያ በሮም ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ትወጣና 11 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ መዓልቱ ከአዲስ አበባው ከ2 ሰዓት በላይ ያጥራል ማለት ነው። ኮሎሲየምም ከዚህ ጋር ተስማምቶ በ10 ሰዓት ተኩል ይዘጋል፥ የመጨረሻውም መግቢያ 9 ሰዓት ተኩል ነው፤ ቲኬቱም በስም የሚቆረጥ ስለ ሆነ፥ አንዱ ለሁለቱ ሲገዛ የባልንጀራውን ስም በፓስፖርቱ እንደ ተጻፈ ያስገባ። የቫቲካን ቤተ መዘክር ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በቀር እሑድ እሑድ ዝግ ነው፤ የቦርጌዜ ቤተ ሥዕልም ሰኞ ይዘጋል፥ በሌሎቹም ቀናት ቀጠሮ ላልያዘ ሰው በሩን አይከፍትም። እንግዲህ እንቅልፍ የሚወድ ባልንጀራ ያለው ሰው አስቀድሞ ይወቀው፤ አራት ሰዓት ላይ ተነሥቶ፥ አምስት ሰዓት ቁርስ በልቶ፥ ስድስት ሰዓት ከሆቴል የሚወጣ ሰው በዚህ ወር ከቀኑ እኩሌታውን አጥቷል። እኔ የምመክረው ስምምነት ይህ ነው፤ ከሰባቱ ቀናት በአራቱ ሁለቱም በማለዳ ይነሡ፥ በቀሩት ሦስት ቀናት ግን ማንም ማንንም አይቀስቅስ።

ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለውም ጊዜ የጠፋ አይደለም። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካና ሌሎቹ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት ከጨለመም በኋላ ክፍት ሆነው ይቆያሉ፥ መግቢያም አይከፈልባቸውም፤ ከእነርሱም በአንዳንዶቹ ውስጥ በጨለማ የተዋጠውን ሥዕል የሚያበራ መብራት ስላለ፥ ከግድግዳው ላይ ባለችው ሣጥን ሳንቲም ሲጨምሩባት መብራቱ ለጥቂት ደቂቃ በርቶ ይጠፋል። ሳንቲም ይዞ መገኘት ነው።

የሁለት ባልንጀሮች ፈቃድ እንዴት እንደሚታረቅ በዚች ከተማ ማሳየት ቀላል ነው። አንደኛው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ወዳድ፥ ሁለተኛው የሩጫ ፍቅር ያደረበት ይሁን። የመጀመሪያው የሚሻው በቫቲካን የአትክልት ስፍራ ውስጥ ያለውን የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስን ነው፤ ይህን ቤተ ክርስቲያን ጳጳሱ ስክስቶስ 4ኛ በ1479 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የሰጡት ሲሆን፥ ከዚያ ከነበሩት መካከል አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ. በሮም አሳትመዋል። ወደ አትክልቱ ስፍራ የሚገባው አስቀድሞ በተያዘ ጉብኝት ብቻ ነው፤ ያ ያልተሳካለት ግን 551ዱን ደረጃ ወጥቶ ከቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ላይ አትክልቱን ቁልቁል ሊመለከት ይችላል። ይህ ሁሉ የቀን ሥራ ነው።

ሁለተኛው ወዳጅ የሚሻው ደግሞ ማታ የሚሆን ነገር ነው። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን ያሸነፈው በጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ ከካምፒዶልዮ ኮረብታ ሥር ተነሥቶ፥ በጥንቱ በአፒያ ጎዳና አልፎ፥ ከጨለመ በኋላ በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ በመግባት ነው። ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ ያለፈበት ፖርታ ካፔና የተባለው አደባባይ፥ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተወስዶ በ1997 ዓ.ም. ወደ አክሱም የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ቀድሞ ቆሞበት የነበረው ስፍራ ነው፤ በዚያን ሌሊት ሐውልቱ ገና ቆሞ ሳለ ከአጠገቡ ተፈትልኮ ወጣ። ከአደባባዩ እስከ ቅስቱ ያለው መንገድ ለእግረኛ ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ፥ መብራቱ ሁሉ ከበራ ወዲያ፥ ሊራመዱት የሚገባ ነው። የአንዱ ምኞት ብርሃንን፥ የሌላው ጨለማን ስለሚፈልግ በአንድ ቀን ሁለቱም ይፈጸማሉ፤ እንዲህ የማይገጥም ምኞት ሲኖር ግን ግማሽ ቀን ተለያይቶ መዋል፥ ማታም ተገናኝቶ መጨዋወት ይቻላል። በመለያየት የሚያፍር ወዳጅነት ካለ ያ ወዳጅነት ሌላ ሕመም አለበት።

ስለ ማደሪያው በአጭሩ እንናገር። ክፍሉን ሲይዙ «ማትሪሞኒያሌ» የሚለው ባለ አንድ ሰፊ አልጋ የባልና ሚስት ክፍል መሆኑን አውቀው ሁለት አልጋ ይጠይቁ፤ ይህን ያልጠየቁ ሁለት ጎልማሶች በሩን ከፍተው መተያየታቸው አይቀርም። ቤት ለሚከራዩ ደግሞ፥ በሮም ማሞቂያ የሚበራው ሕጉ በወሰነው የቀን ሰዓት ልክ ስለ ሆነ፥ ሌሊት ይጠፋ እንደ ሆነ ይጠይቁ፤ ጋቢ መያዝ የሚያሳፍረውን ሰው የጥር ሌሊት ያስተምረዋል። በቀን ሙቀቱ እስከ 12 ዲግሪ ይደርሳል፥ ሌሊት ወደ 3 ይወርዳል፤ በረዶ ብርቅ ነው፥ ዝናብ ግን የተለመደ ስለ ሆነ በድንጋይ ንጣፉ ላይ የማያንሸራትት የጎማ ሶል ያለው ጫማ ከካፖርት ይበልጣል።

ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ባልንጀራ ካለ ምግብ ማግኘት እንደሚመስለው አይከብድም። የደረቀው ፓስታ አብዛኛውን ጊዜ ከስንዴና ከውሃ ብቻ የሚሠራ ነው፥ ትኩስ የተባለው ግን ብዙውን ጊዜ እንቁላል አለበት፤ «ማሪናራ» የሚሏት ፒዛም ቲማቲም፥ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት እንጂ አይብ የለባትም። በቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢም የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉና እንጀራ የናፈቀው አይቸገርም። ከዚሁ ጋር የተያያዘው የመልእክት ነገር ነው፤ ጉዞው በተሰማ ማግስት የጎረቤት እኅት፥ የአክስት ልጅ፥ የሥራ ባልደረባ ሁሉ «እባክህ ለእገሌ ትንሽ በርበሬ፥ ትንሽ ሽሮ» እያሉ ይመጣሉ፤ ትንሹም ተደምሮ የሻንጣውን እኩሌታ ይይዛል፥ ማድረሱም ከሳምንቱ አንድ ቀን ይበላል። ሁለቱ ወዳጆች በየሰው ስንት ኪሎ እንደሚቀበሉ አስቀድመው ቢወስኑ እምቢ ለማለት ይመቻቸዋል፤ ቅቤና ቋንጣ ግን የአውሮፓ ኅብረት ሕግ የሥጋና የወተት ውጤት በመንገደኛ እጅ እንዳይገባ ስለሚከለክል ከነጭራሹ አይቀበሉ።

የቀረው ሒሳብ ነው። በየምግብ ቤቱ «በሞቴ፥ ዛሬ የእኔ ነው» እየተባባሉ መታገል ለአንድ ምሳ ያምራል፤ ለሰባት ቀን ግን አንዱ ሁልጊዜ ፈጥኖ ይከፍላል፥ ሌላውም ሁልጊዜ እጁን አዘግይቶ ወደ ኪሱ ይሰዳል፥ ሁለቱም ያስተውላሉ፥ ሁለቱም አይናገሩም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን እኩል አዋጥተው ለምግብ፥ ለአውቶቡስና ከተማው በአዳሪ እንግዳ ላይ በየሌሊቱ ለሚጥለው ግብር የሚሆን የጋራ ገንዘብ በአንዱ ኪስ ያኑሩ፥ ደብተሩን ግን ሌላው ይያዝ። የየራሳቸውን ሸሚዝና ጫማ ከዚህ ውስጥ አይግዙ። ከቴርሚኒ ወደ ፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄደው ፈጣን ባቡር 32 ደቂቃ ይፈጃል፤ ደብተር በሥርዓት ለያዙ ሁለት ሰዎች የሳምንቱን ወጪ ለመተሳሰብ ይህ ይበቃቸዋል፥ የተረፈውንም ዩሮ እዚያው በመቀመጫቸው ላይ ይካፈሉ።