ለድንች ዘር ማከማቻ ማጠቢያ የሚሆን ፓምፕና ሞተር አመራረጥ

የአጠውልግ በሽታ በዘር ድንች ስለሚዛመት፣ ዘር ከመግባቱ በፊት የማከማቻው መደርደሪያና ሣጥን መታጠብ አለበት። ለዚህ ሥራ የቤንዚን ፓምፕ የሚገዙ የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚከተለውን ሊገነዘቡ ይገባል።

የቤንዚን ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከሩብ በላይ ይጎድላል። በደቂቃ 10 ሊትር ውሃ በ100 ባር ግፊት የሚገፋ ፓምፕ 2.7 ያህል የፈረስ ጉልበት ይፈልጋል። በዚህ ከፍታ ይህን ለማግኘት በሞተሩ ላይ የተጻፈው ቢያንስ 3.7 መሆን አለበት፤ ሞተሩ እንዳይጨነቅ ግን ባለ 5 መምረጥ ይሻላል። ፓምፑ ውሃ የመሳብ ኃይሉም ስለሚቀንስ በርሜሉ ከፓምፑ ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

በረኪናን በዚህ ፓምፕ መርጨት አይገባም። የፓምፑን ብረት ይበላል፤ በከፍተኛ ግፊት ሲወጣም እንደ ጉም ሆኖ ወደ ሳንባ ይገባል። ጭቃና የበሰበሰ ድንች ባለበትም ኃይሉ ይደክማል። ስለዚህ፦

1ኛ/ አስቀድሞ እድፉን በውሃ ግፊት ማጠብ፤ የጭቃ ምርጊት ላይ ግን አለማነጣጠር፤
2ኛ/ በረኪናውን ለዚሁ ብቻ በተለየ የጀርባ መርጫ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ መርጨት፤
3ኛ/ ማከማቻው በደንብ ሲደርቅ ዘሩን ማስገባት።

ፀረ አረም የተረጨበትን መርጫ ለዚህ ማዋል ዘሩን ሊያበላሽ ስለሚችል የልማት ሠራተኛው አጥብቆ ይከላከል።