ከጎተራ ወደ ኮንሶ፦ በካብ የታጠሩትን ከተሞች ለሚጎበኝ ሰው የጉዞ መመሪያ

የኮንሶ ሕዝብ ከጫሞ ሐይቅ በስተ ደቡብ ባሉት ድንጋያማ ተራሮች ላይ፣ በድንጋይ ካብ በታጠሩ ከተሞች የሚኖር ሲሆን፣ ከተሞቹና የእርሻ እርከኖቹ በአንድነት «የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር» ተብለው በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከተሞቹ ዛሬም ሰው የሚወለድባቸው፣ የሚያርስባቸውና የሚዳኝባቸው ስለሆኑ፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ወደ ሰው ግቢ እንደሚገባ እንግዳ ሊዘጋጅ ይገባዋል፤ የጉብኝቱ ቅደም ተከተልም ከዚህ መነሻ የሚመነጭ ነው።

ለጉዞው የሚመረጠው ወቅት በጋው፣ በተለይ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው ዝናብ የገጠሩን መንገድ ስለሚያበላሽና ደራሽ ውሃም ስለሚያስከትል፣ በእነዚያ ወራት የሚሄድ ሰው ትርፍ ቀን መያዝ ይኖርበታል። የኮንሶ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው የካራት ገበያ የሚቆመው ሰኞና ሐሙስ በመሆኑ፣ ከሁለቱ ቀናት በአንዱ እዚያ መገኘት ጉብኝቱን ያዳብረዋል። ባለፉት ዓመታት በኮንሶና በአጎራባች አካባቢዎች ግጭቶች ስለተከሰቱ፣ ቀን ከመቁረጥ በፊት ስለ ጸጥታው ሁኔታ በስልክ ማጣራት ግድ ነው፤ ይህንንም ከዓመት በፊት ደርሶ ከመጣ ወዳጅ ከመስማት ይልቅ በቅርቡ ከተመለሰ ሾፌር ወይም ከራሱ ከዞኑ የቱሪዝም ሠራተኞች መጠየቅ ይሻላል።

ከአዲስ አበባው ጎተራ የሚነሣ ባለመኪና ከማሳለጫው ላይ ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው በሳሪስና በቃሊቲ አልፎ፣ በሞጆ፣ በዝዋይና በሻሸመኔ በኩል ወላይታ ሶዶ የሚደርሰው መንገድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ በፑሽኪን አደባባይና በሳር ቤት ወደ ዓለም ገና ወጥቶ፣ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ሶዶ ላይ ከመጀመሪያው ጋር የሚገናኘው ነው። ሁለተኛው በርቀት አጠር ያለ ቢሆንም ጠመዝማዛ ስለሚበዛበት፣ ምርጫው በሾፌሩ ልምድና በወቅቱ የመንገድ ሁኔታ ይወሰናል። ከሶዶ በኋላ መንገዱ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ እስከዚያ ያለው ጉዞ ሙሉ ቀን የሚፈጅ በመሆኑ ሌሊቱን አርባ ምንጭ ማደር ተገቢ ነው፤ በማግሥቱ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን ቀሪ መንገድ በጠዋት ጨርሶ ካራት መግባት ይቻላል። በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ትኬት ሲቆርጥ የመነሻውን መናኸሪያና ሰዓት ማረጋገጥ ሲኖርበት፣ ጊዜ ያጠረው ደግሞ ከቦሌ እስከ አርባ ምንጭ በአውሮፕላን መሄድ ይችላል። ኔትወርክ በተቋረጠ ጊዜ ቴሌብር ስለማያገለግል፣ ዝርዝር ብር መያዝ መረሳት የለበትም።

ካራት የደረሰ ተጓዥ በቀጥታ በካብ ወደታጠሩት ከተሞች መውጣት የለበትም። አስቀድሞ ወደ ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ሄዶ የመግቢያውን ክፍያ በደረሰኝ መክፈልና የአካባቢው ተወላጅ የሆነ አስጎብኚ መያዝ ይኖርበታል፤ አስጎብኚው ከማስተርጎም ባሻገር የትኛው ግቢ ሐዘን እንደተቀመጠ፣ በየትኛው አደባባይ ሽማግሌዎች እንደተሰበሰቡና በየት ማለፍ እንደማይገባ ስለሚያውቅ፣ ያለ እርሱ የሚደረግ ጉብኝት ቢያንስ ጨዋነት የጎደለው ነው። ከዚያ ቀጥሎ በከተማው ያለውን ሙዚየም ማየት ይበጃል። በዚያ የተሰበሰቡት ዋካዎች ናቸው፤ ዋካ ማለት ለሞተ ጀግና ወይም ለከበረ ሰው መታሰቢያ ከእንጨት ተጠርቦ የሚተከል ምስል ሲሆን፣ ሟቹ ከሚስቶቹ፣ ከገደላቸው ጠላቶችና ከገደላቸው አውሬዎች ምስል ጋር በረድፍ ይቆማል። ብዙዎቹ ከመቃብር ላይ እየተሰረቁ ለሰብሳቢዎች ስለተሸጡ፣ ዛሬ በሜዳ ላይ ከሚታዩት ይልቅ በመጋዘን የተጠበቁትን ማየት ይቀላል። «አሮጌ ዋካ ነው» ተብሎ በስውር የሚቀርብ ነገር ቢያጋጥም፣ እውነተኛም ሆነ አስመስሎ የተሠራ፣ መልሱ እምቢታ ብቻ መሆን አለበት፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ መሆኑም ሊታወስ ይገባል።

በካብ ወደታጠረ ከተማ የሚወጣበት ቀን በእግር ቢጀመር የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም እርከኑን ያላየ ሰው ከተማው ለምን እዚያ ጉብታ ላይ እንደተቀመጠ ሊረዳ አይችልም። እርከን ማለት በተዳፋት ላይ አፈር እንዳይሸረሸር በደረቅ ድንጋይ፣ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ፣ እየተካበ የሚሠራ የእርሻ ደረጃ ሲሆን፣ የኮንሶ ካብ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ካቡ የዝናቡን ውሃ አዘግይቶ ማሽላውን ያጠጣል፣ ትርፉንም በተዘጋጀለት መውረጃ ያሳልፋል፤ ይህ ሥራ ከ400 ዓመት በላይ፣ በሕዝቡ አቆጣጠር 21 ትውልድ፣ ሲጠገን የኖረ ነው። ስለዚህ በካቡ ጠርዝ ላይ መራመድም ሆነ ድንጋይ ማንቀሳቀስ አይገባም፤ አንድ የወደቀ ድንጋይ ባለማሳውን የግማሽ ቀን ሥራ ሊያስከፍለው ይችላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ ሰው እንደ መጨቄ ወይም ጋሞሌ ካሉት ከተሞች አንዱን መርጦ ረጋ ብሎ ቢያየው፣ ሦስት ከተሞችን በአንድ ቀን ሮጦ ከማየት ይበልጣል። ከተሞቹ ከአንድ እስከ ስድስት በሚደርስ የካብ ዙሪያ የታጠሩ ሲሆኑ፣ መግባት የሚቻለው በበሩ ብቻ ነው። በውስጥ ያለው የግቢ መግቢያ ደግሞ ሆን ተብሎ ዝቅ ተደርጎ በግንድ የተሠራ ስለሆነ፣ የሚገባው ሁሉ ጎንበስ ማለቱ አይቀርም፤ በጠላትነት የሚመጣ ሰው እንዳይመቸው ታስቦ የተሠራው መግቢያ ለእንግዳም ትሕትናን ያስተምራል። በየሰፈሩ ሞራ የሚባል አደባባይ ይገኛል፤ ሞራ ሸንጎ የሚቀመጥበት፣ ሥነ ሥርዓት የሚፈጸምበትና ጨዋታ የሚካሄድበት ስፍራ ሲሆን፣ በአንዳንድ ከተሞች እስከ 17 ሞራዎች ይገኛሉ። አጠገቡ ያለው ትልቅ የሣር ክዳን ቤት ወጣት ወንዶች ሌሊት የሚያድሩበትና ከተማቸውን የሚጠብቁበት ነው። በአደባባዩ የቆሙት የድንጋይ ሐውልቶችና የትውልድ ምሰሶዎች የአንዱ ትውልድ ኃላፊነት ለሚቀጥለው መተላለፉን የሚመሰክሩ ስለሆኑ፣ ማረፊያ ወንበር ወይም የፎቶግራፍ መደገፊያ ሊደረጉ አይገባም። እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ክሪስቶፈር ሃልፓይክ በ1972 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የኮንሶ ጥናት ይህን የትውልድ ሥርዓት በሰፊው ስለሚያብራራ፣ ከጉዞው በፊት ለሚያነብ ሰው ትልቅ ስንቅ ነው።

የፎቶግራፍ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል። ለምሳሌ ያህል፣ በፓኪስታን ቺትራል አካባቢ፣ በሂንዱ ኩሽ ተራሮች ሸለቆዎች የሚኖረው የካላሽ ሕዝብ እንደ ኮንሶ ሁሉ ለሙታኑ የእንጨት ምስል የማቆም ልማድ ያለው ሲሆን፣ በግንቦት በሚያከብረው የጆሺ በዓል ሴቶቹን ያለ ፈቃድ ፎቶ የሚያነሡ ጎብኚዎች ብርቱ ቅሬታ አስነሥተዋል። ሁለቱ ሕዝቦች ዝምድና የላቸውም፤ ችግሩ ግን አንድ ዓይነት ነው። በመሆኑም ካሜራ ከቦርሳ የሚወጣው ሰላምታ ከተሰጠና በአስጎብኚው በኩል ከተጠየቀ በኋላ ይሁን፤ ሕፃናትን በብር አባብሎ ማሰለፍ ትምህርት ቤት ትተው መንገድ ላይ እንዲውሉ ስለሚያደርግ መተው አለበት። መስጠት የሚፈልግ ሰው አስጎብኚውን አማክሮ ለትምህርት ቤት ወይም ለማኅበር ቢሰጥ ይመረጣል።

ምግብን በተመለከተ፣ ከማሽላ ሊጥ ተድቦልቡሎ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የሚቀቀለው ኩርኩፋ እንዲሁም ከማሽላ የሚጠመቀው ወፍራም መጠጥ ጨቃ ለእንግዳ ይቀርባሉ። ጨቃ በሞቀ ውሃ ተበጥብጦ በቅል የሚጠጣና ለሠራተኛ እንደ ምግብ የሚቆጠር በመሆኑ፣ ያልለመደው ሰው በትንሹ ቢጀምር ይሻለዋል።

ቀን ከተረፈ፣ ዝናብና ጎርፍ አሸዋውን እንደ ሕንፃ አቁሞ ወደቀረጸበት፣ በጎብኚዎች ዘንድ «ኒውዮርክ» ወደሚባለው የገሰርጊዮ ገደል መሄድ ይቻላል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይበልጥ ያምራል። አፈሩ ልል ስለሆነ ግን ከጠርዙ መራቅ፣ ሳይጨልም ወደ ካራት መመለስና የመልሱን ጉዞ በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ መጀመር ያስፈልጋል።