የባዛሩ ዘንግ ይበረክታል ወይ?

ለገና ወይም ለፋሲካ ሰንጋ ይዞ ከእነዋሪ አዲስ አበባ የገባ የጅሩ ሰው፣ ሸጦ ሲያበቃ መስቀል አደባባይ አጠገብ ወዳለው ኤግዚቢሽን ማዕከል ጎራ ሊል ይችላል። በበዓል ባዛር መካከል አንድ አንደበተ ርቱዕ ሻጭ የቢራ ጣሳ በምስማር ይበሳል፤ በእጅ ጋዝ ያሞቀውና ቀጭን ዘንግ ያስነካዋል። ቀዳዳው ወዲያው ይደፈናል። ከበው የሚያዩት ይደነቃሉ፣ ይገዛሉም። ዘንጓ አገር ቤት ስትገባስ ትበረክታለች ወይ? የዛሬው ትምህርታችን ይኸው ነው።

ከአልሙኒየም ጠባይ እንነሳ። አልሙኒየም አየር በነካው ቅጽበት በዓይን የማይለይ ስስ ሽፋን ይለብሳል። ብረቱ ራሱ በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ሽፋኑ ግን ከ2,000 ዲግሪ በፊት ንቅንቅ አይልም። ዘንጓ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዚንክ የበዛባት ቅይጥ ስለሆነች በ390 ዲግሪ ገደማ ትቀልጣለች። ዕቃው ሳይቀልጥ እሷ ቀልጣ የምትደፍነው ለዚህ ነው። ይህን ግን ልብ በሉ፦ የምትይዘው አልሙኒየሙን እንጂ ሽፋኑን አይደለም። ሽፋኑ ካልተፋቀ ላዩ ላይ ትረጋለች፣ አትዋሐድም።

እንግዲያው ሻጩ ዋሽቷል? አልዋሸም። ጣሳ ስስ ነው፣ ባንዴ ይግላል። ያንኑ በባጃጅ ሞተር ቤት ላይ ሞክሩት። አልሙኒየም ሙቀትን ከተራ ብረት ቢያንስ ሦስት እጥፍ ፈጥኖ ያስተላልፋልና፣ ነበልባሉ ያረፈበት ቦታ ሳይግል ሙቀቱ ወደ ዳር ይሸሻል። ትዕግሥት ያጣ ሰው ዘንጓን በነበልባሉ ያቀልጣታል፤ እሷም ጠብታ ሆና ትንከባለላለች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስንጥቁ ከዘይትና ከጭቃ ይጽዳ፣ ይድረቅ። ዕቃው ከሥር በደንብ ይሙቅ። ከዚያ ነበልባሉን ገለል አድርጋችሁ ዘንጓን በጋለው አልሙኒየም ላይ እሿት፤ በዕቃው ሙቀት ከቀለጠች ጊዜው ደርሷል። ቅልጡ ሳይረጋ በማይዝግ ብረት ብሩሽ ውስጥ ለውስጥ ይፋቅ። ሽፋኑ ከቅልጡ ሥር፣ አየር በማይደርስበት ይሰበራልና ዳግም አይበቅልም። ውኃ ሳይደፋበት በራሱ ይብረድ። ሲበርድ በካቻቢቴ ጫፍ ፈልቅቁት። ተልጦ ተነሥቶ ሥሩ ልሙጥና አብረቅራቂ ሆኖ ከታየ፣ አልያዘም ነበር።

ይህ ሁሉ ከተሟላ፣ ደረቅ ቦታ ላይ የሚውል የመስኮት ፍሬም ወይም መሰላል ለዓመታት ይቆያል፤ በዚህ አልጠራጠርም። እርጥበት በማይለየው ቦታ ግን ዚንኩ ከአልሙኒየሙ ቀድሞ ይበላል። የመኪና ቴስታታማ አይታሰብ፤ ሲግልና ሲበርድ የሚውል ነገር ስለሆነ ሥራው የአርጎን በያጅ ነው።

በዘንጓ ፈንታ የሚታሰበው፣ ከሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ የሚለጠፈው ማጣበቂያ ደግሞ አልሙኒየም ቢመስልም ሙጫ ነው። ኃይለኛ እሳት አይችልም።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለ ድስት ነው። እነዋሪ ከፍታዋ ወደ 2,600 ሜትር ስለሚጠጋ ውኃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ድስቱ ውኃ እስከያዘ ድረስ ጥገናው አይቀልጥም። ሽንኩርት ያለ ዘይት ሲቁላላ ግን የድስቱ ቂጥ ከዚህ እጅግ ይግላል፤ ባዶውን እሳት ላይ የተረሳ ድስትማ የዘንጓን መቅለጫ ሊያልፍ ይችላል። ቢተርፍ እንኳ የቲማቲምና የሎሚ ኮምጣጣነት ዚንኩን እያሟሟ ወደ ወጡ ይጨምረዋል። ማሸጊያውም ከዚንኩ ሌላ ምን እንደተቀላቀለ አይናገር ይሆናል። ስለዚህ የምግብ ዕቃ በዚህች ዘንግ አይጠገን። ቂጡ የተበሳ ድስት ለቁራሌው ይሸጥ፤ አልሙኒየም ስንት ጊዜ ቢቀልጥ አልሙኒየምነቱን አያጣም፣ ገንዘቡም ለአዲሱ ድስት መነሻ ይሆናል።