ሰባት ዱላ፦ ለጎልፍ ጀማሪ የመጀመሪያው ግዢ

ገጠር ያደገ ሰው የገና ዱላ እንዴት እንደሚመረጥ ያውቃል። በዓሉ ሲቃረብ ልጆች ጫካ ይወርዱና ጫፉ በተፈጥሮው የቆለመመ እንጨት ፈልገው ይቆርጣሉ። ልጁ ግን ቆርጦ ዝም ብሎ አይሄድም። ጎንበስ ይላል፤ ቆልማማው መሬት ሲነካ ወገቡ ሳይጎብጥ እጁ መድረሱን ያያል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይወዘውዘዋል። ከከበደው ይጠርበዋል፣ ካጠረው ጥሎት ሌላ ይፈልጋል።

ይኸው ልጅ አድጎ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ይኖራል እንበል። የሥራ ጓደኞቹ ቅዳሜ ጎልፍ እንጫወት ይሉታል። ሱቅ ገብቶ አሥራ አራት ዱላ በሚያብረቀርቅ ቦርሳ ተደርድሮ ሲያይ ያ የልጅነት ዕውቀት ከአእምሮው ይጠፋል፤ የሚገዛው ቦርሳውን አይቶ ነው። እኔ ደግሞ የምለው ጥቂት ዱላ ይግዙ፣ ነገር ግን በልክዎ ይሁን ነው። እንዴት እንደሚሆን ቀስ ብለን አንድ በአንድ እንየው።

መጀመሪያ አንዱን ዱላ እጃችን ላይ እንያዝ። ባለ 7 ቁጥሩን አይረን እንውሰድ፤ ከረጅሙም ከአጭሩም መሐል ስለሆነ ለትምህርት ይመቻል። ከላይ የምንጨብጠው የላስቲክ እጀታ አለ። ከእጀታው የሚወርደው ቀጭን ዘንግ ሻፍት ይባላል። ታች ያለው ብረት የዱላው ራስ ነው። አሁን ራሱን መሬት ላይ አሳርፈው ከጎን ይመልከቱት፤ ፊቱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ አልቆመም፣ እንደ ጣሪያ ወደ ኋላ ዘንበል ብሏል። የዚህ ዘንበል ማለት መጠን ሎፍት ይባላል፣ የሚለካውም በዲግሪ ነው። ኳሱን ወደ ሰማይ የሚያነሣው ሎፍቱ ነው። ጀማሪ ይህን ስለማያውቅ ኳሱን ከሥር ሊጨልፈው ይሞክራል፤ ያኔ መሬቱን ይመታል፣ ወይም የኳሱን አናት ይገጫል።

ሎፍቱ እየጨመረ ሲሄድ ሻፍቱ ያጥራል፤ ኳሱም ከፍ ብሎ ወጥቶ ቅርብ ያርፋል። ረጅሙ ድራይቨር ነው፤ 45 ኢንች ያህል ይረዝማል፣ ሎፍቱም ከ9 እስከ 12 ዲግሪ ነው። ከእሱ ቀጥሎ «ውድ» የሚባሉት አሉ፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ እንጨት ማለት ነው፣ ድሮ ራሳቸው ከእንጨት ይጠረብ ስለነበር። ሃይብሪድ የውድና የአይረን ድብልቅ ነው። አይረኖች ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩ ባደገ መጠን ርቀቱ ያንሳል። ዌጆች ለቅርብ ምትና ለአሸዋ ናቸው። ፓተር ደግሞ በደንብ በተላጨው ሣር ላይ ኳሱን ወደ ቀዳዳው ያንከባልላል።

ታዲያ ስንት ይበቃል? ሕጉ ከ14 በላይ መያዝን ይከለክላል። ይህን ገደብ የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1938 ደነገገው፤ በቀጣዩ ዓመት በስኮትላንድ የቅዱስ እንድርያስ ከተማ ያለው ክለብም ተቀበለው። ብዙ ጀማሪ 14ቱን እንደ ግዴታ ይቆጥረዋል፤ 14 ግን የጣሪያው ቁጥር ብቻ ነው። ቺክ ኢቫንስ የተባለው አማተር በ1916 የአሜሪካን ኦፕን ሲያሸንፍ ቦርሳው ውስጥ የነበሩት ሰባት ዱላዎች ነበሩ። በአራት ዙር 286 ምት መትቶ ጨረሰ፤ ያንን ውጤት ለ20 ዓመት ያህል ያሻሻለው አልተገኘም። ለእሱ ሰባት ከበቁ ለእኛ የመጀመሪያ ዓመት ይበቃሉ።

የእኔ ሰባት እነዚህ ናቸው፦ ፓተር፣ 56 ዲግሪ ገደማ የሆነ ሳንድ ዌጅ፣ ፒቺንግ ዌጅ፣ 9 እና 7 ቁጥር አይረን፣ ባለ 5 ቁጥር ሃይብሪድ፣ ከዚያ ባለ 5 ቁጥር ውድ። ድራይቨር የለበትም፤ ይህን ያልኩት አስቤበት ነው። ድራይቨር ከሁሉም ይረዝማል፣ ስለዚህ ራሱን ከኳሱ ጋር በትክክል ማገናኘት ይከብዳል። ሎፍቱም ትንሽ ስለሆነ ፊቱ ጥቂት ዞር ካለ ኳሱ በጎን ተሽከርክሮ ጫካ ይገባል። ባለ 5 ቁጥሩ ውድ ወደ 18 ዲግሪ ሎፍት አለው፤ ርቀቱ ትንሽ ያንስ ይሆናል እንጂ ኳሱን ሜዳው ላይ ያስቀምጠዋል። ድራይቨር ካልያዝኩ የሚል ቢኖር ከ10.5 ዲግሪ በታች አይውረድ፤ 12 ቢሆንለት ደግሞ የተሻለ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ልክ ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ እንበል። ገበያ ከመውጣትዎ በፊት ልብስ ሰፊ ቤት እንደሚደረገው ይለኩ። የሚጫወቱበትን ጫማ አድርገው ጠንካራ ወለል ላይ ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ ክንድዎን ልቅቅ አድርገው ያንጠልጥሉ። ሌላ ሰው ከእጅ አንጓዎ መታጠፊያ እስከ ወለሉ ድረስ በሜትር ይለካ። ራስዎ ጎንበስ ብለው ከለኩ ቁጥሩ ይዛባል። ልኬቱ ከ34 እስከ 36 ኢንች አካባቢ ከሆነ መደበኛው የወንድ ዱላ አብዛኛውን ጊዜ ይስማማዎታል፤ የዚህ ዱላ 7 ቁጥር 37 ኢንች ገደማ ነው። የሴት ተብሎ የሚሸጠው በአንድ ኢንች ያህል ያጥራል። ቁመትን ብቻ ማየት ያታልላል፤ ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ወንድማማቾች የአንዱ ክንድ ከሌላው ሊረዝም ይችላል፤ ዱላው የሚደርሰው ደግሞ ከእጅ ወደ መሬት ነው። ስለዚህ አጭር ቁመት ያለው ወንድ «የሴት ነው» ብሎ፣ ረጅም ሴትም «የወንድ ነው» ብላ ልካቸውን መተው የለባቸውም። ስያሜው ለሻጭ መደርደሪያ የወጣ ነው።

ከቁመቱ ሌላ ራሱ መሬት ላይ የሚያርፍበት ሁኔታ አለ። ዱላ የሚለካ ባለሙያ ካገኙ በራሱ መቀመጫ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ጠንካራ ሰሌዳ ላይ ሆነው እንዲመቱ ያደርግዎታል። ፕላስተሩ መሐሉ ላይ ከተፋቀ ልክ ነው። ወደ ጫፉ ከተፋቀ ዱላው ለእርስዎ ተኝቷል፤ ቀኝ እጅ ለሆነ ሰው ኳሱ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ወደ ተረከዙ፣ ማለትም ወደ ሻፍቱ በኩል ከተፋቀ ከመጠን በላይ ቆሟል፤ ኳሱም ወደ ግራ ይሄዳል። ስንቱ ሰው ለዚህ ጥፋት አመታቱን ሲወቅስ ይኖራል!

ሻፍቱን በተመለከተ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ከምን ተሠራ? ምን ያህል ይተጣጠፋል? ብረቱ በብዛት ከ95 እስከ 130 ግራም ይመዝናል፤ ግራፋይት የሚባለው የካርቦን ሻፍት ከዚያ ይቀላል፣ ንዝረትንም ያለዝባል። ዕድሜው ለገፋ፣ ክርኑን ወይም አንጓውን ለሚያመው ግራፋይቱ ይሻላል። የመተጣጠፉ መጠን በፊደል ይጻፋል፤ «አር» መደበኛው፣ «ኤስ» ጠንካራው፣ «ኤ» ለዘገምተኛ ምት፣ «ኤል» ደግሞ ለስላሳው ነው። ፊደሎቹን ሁሉም ሠሪ የሚስማማበት መለኪያ ስለሌላቸው የአንዱ «አር» ከሌላው ሊጠነክር ይችላል። እኔ የመጀመሪያውን ስገዛ ሻጩ «ጎበዝ ሰው ኤስ ነው የሚይዘው» ብሎኝ ኤስ ብረት ገዛሁ። ሁለት ወር ሙሉ ኳሱ ዝቅ ብሎ ወደ ቀኝ ይሸሽ ነበር፣ አንጓዬም ያብጥ ነበር። ያንን ቀይሬ ቀለል ያለ «አር» በያዝኩ ሳምንት ኳሱ መነሣት ጀመረ። ጉልበትዎን ሻጭ አይንገርዎ፤ መትተው ይወስኑ።

አሁን የ7 ቁጥሩን ጀርባ ይገልብጡት። ጀርባው ጎድጉዶ ክብደቱ ወደ ዳር ዳሩ ከተከማቸ ለጀማሪ የሚሆነው እሱ ነው። ጀርባው ጠፍጣፋና ቀጭን ከሆነ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለሠለጠነ እጅ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ረጅም እንጨት በትከሻው ተሸክሞ ጫፍና ጫፉ ላይ ሁለት ጀሪካን ውሃ ያንጠለጠለ ሰው ያስቡ። ጫፉን ገፋ ቢያደርጉት እንጨቱ ቶሎ አይዞርም፤ ጀሪካኖቹ መሐል ላይ ቢሆኑ ግን በቀላሉ ይዞራል። የዱላውም ራስ እንዲሁ ነው፤ ክብደቱ ዳር ላይ ሲሆን ኳሱ ከመሐል ወጣ ብሎ ቢመታም ፊቱ ብዙ አይዞርም። ይህን ሐሳብ ገበያ ላይ ካዋሉት ዋነኛው ካርስተን ሶልሃይም ነው። ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ፣ በወጣትነቱ ጫማ ይሠራ የነበረ፣ በኋላ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ውስጥ መሐንዲስ የሆነ ሰው ነው። ጎልፍን የጀመረው በ42 ዓመቱ ነው። ፓተር አልሆንልህ ስላለው በ1959 ጋራዡ ውስጥ ራሱ ሠራ፤ ኳሱን ሲመታ የሚያሰማውን ድምፅ ሰምቶም «ፒንግ» አለው።

ከመግዛትዎ በፊት ተከራይተው ይሞክሩ። የሕዝብ ሜዳዎች ዱላ ያከራያሉ። «ይህ የእኛ ጨዋታ አይደለም» ለሚል ሰው በዋሽንግተን ዲሲ ያለውን ላንግስተንን ላስታውሰው፤ በ1939 የተከፈተው በሌላው ሜዳ እንዳይጫወቱ ለተከለከሉ ጥቁር አሜሪካውያን ነው፣ የተገኘውም በእነሱ ጥያቄና ግፊት ነው። ወደ ልምምድ ሲሄዱ የሚረጭ የእግር ፓውደር ይያዙ። የዱላውን ፊት በስሱ ይንፉት፣ ነጭ ይሆናል። አንድ ኳስ ይምቱና ገልብጠው ይዩ፤ ኳሱ የነካበት ቦታ ክብ ሆኖ ጠርቶ ይታያል። አሥር ይምቱ፣ በየምቱ እየጠረጉ እንደገና ይንፉት። ክቦቹ ሁሉ ወደ ጫፉ ካደሉ አጥሮብዎት ወይም ርቀው ቆመው ሊሆን ይችላል፤ ወደ ተረከዙ ከተሰበሰቡ ረዝሞብዎት ይሆናል። ሁለት ዱላ እየቀያየሩ ሲሞክሩ የትኛው ክቦቹን መሐል ላይ እንደሚሰበስብ በዓይንዎ ያዩታል።

ያገለገለ ዱላ መግዛት አያሳፍርም፤ እንዲያውም ለመጀመሪያው ግዢ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። የአምስት ወይም የአሥር ዓመት ዕድሜ ያለው ጎድጓዳ ጀርባ አይረን ዛሬም በደንብ ይሠራል። ሲያዩት ጥፍርዎን በፊቱ ላይ ባሉት ጭረቶች ውስጥ ያሂዱት፤ ጥፍሩ ካልያዘ አልቀዋል ማለት ነው፣ በተለይ ዌጅ ላይ። ሻፍቱን ወደ ዓይንዎ አቅርበው እንደ ቀስት ይመልከቱት፤ ከጎበጠ፣ ከዛገ ወይም ግራፋይቱ ከተሰነጠቀ ይተዉት። ራሱን ይነቅንቁ፤ ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለ ተላቆ ይሆናል። እጀታው ቢደርቅ ግን ሌላ ማስገባት ቀላል ነው፣ ለዚያ ብለው ጥሩ ዱላ አይለፉ። እጀታው ልክ የሚሆነው በግራ እጅ ሲጨበጥ የመሐል ጣቶች ጫፍ መዳፉን ነካ ካደረጉ ነው። ሎፍቱንም በዲግሪ ይጠይቁ፤ የድሮው 7 ቁጥር 34 ዲግሪ ገደማ ሲሆን የዛሬው 30 ወይም ከዚያ በታች ይሆናል፤ ስለዚህ ከተለያየ ስብስብ ሲያቀላቅሉ ቁጥሩን አምነው ሁለት አንድ ዓይነት ዱላ እንዳይገዙ።

ፓተርን የተውኩት ረስቼው አይደለም። ባለ 18 ቀዳዳ ሜዳ በብዛት 72 ምት ይመደብለታል፤ ከዚህ ውስጥ 36ቱ፣ ለየቀዳዳው ሁለት ሁለት፣ ለፓተር የተተዉ ናቸው። ሆኖም ሰው ድራይቨር ላይ ገንዘቡን ጨርሶ ፓተርን በመጨረሻ እንደ ምርቃት ያነሣል። በብዛት ከ33 እስከ 35 ኢንች ነው የሚሸጠው። ጎንበስ ብለው ክንድዎ ከትከሻዎ ቀጥታ ይንጠልጠል፤ እጀታው እጅዎ የወደቀበት ቦታ ላይ ካገኘዎት ልክዎ ነው። ከዚያ ከሁለት ዓይንዎ መሐል አንድ ሳንቲም ይጣሉ፤ ኳሱ ላይ ወይም ከኳሱ በጥቂቱ ወደ እርስዎ ከወደቀ አቋቋምዎና ቁመቱ ተስማምተዋል። ራቅ ብሎ ወደ እግርዎ ከወደቀ ረዝሞብዎታል። የቀዳዳው ስፋት 108 ሚሊሜትር ነው፤ ወረቀት በዚያ ልክ ክብ አድርገው ቆርጠው ሳሎን ምንጣፍ ላይ ያስቀምጡና ከሦስት እርምጃ ርቀት ዛሬ ማታ መጀመር ይችላሉ።